የግራው እጅጌ

ሠላሳ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከኋላዬ የሆነ ነገር አምልጦኝ አያውቅም። ከሾፌር ወንበር በላይ ባለችው መስታወት ማን ማንን እንደገፋ፣ ማን እንቅልፍ ወስዶት መውረጃውን እንዳለፈ፣ ማን ትኬት ላለመቁረጥ የተኛ እንደሚመስል አይ ነበር። ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ «አራት ዓይናው» ብለው ሸኙኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም። በኋላ እንዴት ኩም እንዳልኩ በደንብ እንዲገባችሁ ነው።

ሚስቴ ሹራብ ሥራ ታስተምራለች። ቤታችን ሲገባ መጀመሪያ ያለው ሰፊ ክፍል የእሷ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ማክሰኞና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ መርፌ ከመርፌ ይጋጫል፣ እኔ ወደ ጓሮ እባረራለሁ። የምታስተምርበት ዘዴ አንድ ብቻ ነው። ተማሪው የሠራውን ያቀብላታል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ሥራውን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል መስመር በመስመር ታሳልፈዋለች። ከዚያ «አሥራ አራተኛው መስመር ላይ አንድ ቀለበት ጥለሻል፤ ፍቺው» ትላለች። ቀለበት የምትለው መርፌው ላይ የሚሰካውን እያንዳንዱን የክር ዙር ነው። ተማሪዋ ስትቆጥር እውነትም አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ታገኘዋለች። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ «ጎበዝ» የተባለ ሰው የለም። የሚስቴ ትልቁ ምስጋና ሥራውን ምንም ሳትል መመለስ ነው። ምንም ሳትል የመለሰችላቸው ሰዎች ቀኑን ጽፈው ያስቀምጣሉ።

ዓይኗን መጨፈን ያመጣችው በቅርብ ዓመታት ነው፤ ከሙያ ብዛት ነው እንል ነበር። እንዲያውም እኔ ትንሽ እንደ ጉራ ቆጥሬባታለሁ።

ያ ክፍል ለእሷ ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ እጇ ተሰብሮ ሦስት ሳምንት ተዘግቶ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አኮረፈች። በሁለተኛው ምግብ ቀነሰች። በሦስተኛው ወደ እኔ ዞረችና አቀማመጤን፣ አነጋገሬን፣ ካልሲ አወላለቄን ማረም ጀመረች። እናም ወረርሽኙ መጥቶ በሬዲዮ መሰብሰብ ተከለከለ ሲባል፣ ሰው ሁሉ ስለ ሳንባው ሲጨነቅ እኔ የተጨነቅኩት ስለዚያ ክፍል ነበር። እሱ ከተዘጋ እሷም አብራ እንደምትዘጋ ታየኝ፤ ፈራሁም።

መጀመሪያ እጅ አልሰጠችም። ከቤት ውጭ ከሆነ እስከ ስምንት ሰው ይፈቀዳል ስለተባለ ትምህርቱን ከስድስት ተማሪዎቿ ጋር ወደ ግቢ አወጣችው። ከተማሪዎቿ አንዱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሹራብ የጀመሩት ሐኪም እጃቸውን እንዲያፍታቱ ስላዘዛቸው ነው። እሳቸው ሜትርና ጠመኔ ይዘው መጡና ለእያንዳንዱ ወንበር ዙሪያውን ክብ አሰመሩ፤ ከክብ እስከ ክብ ሁለት ሜትር። ከተማሪዎቹ መካከል አንዲት አማትና ምራታቸውም ነበሩ። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ቤት እየኖሩ፣ አብረው እየመጡ፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በሚስቴ በኩል ነው። መምህሩ የአንድ ቤት ሰዎች በአንድ ክብ ውስጥ መቀመጥ እንደሚችሉ ሲያስረዷቸው ሁለቱም በአንድ ድምፅ ለየብቻ እንዲሆን ጠየቁ። ከተቻለም ከሁለት ሜትር ቢበልጥ ደስ እንደሚላቸው ተናገሩ። በምንም ጉዳይ እንዲህ ሲስማሙ አይቼ አላውቅም።

ችግሩ ሥራው ከተማሪው እጅ ወደ ሚስቴ እጅ እንዴት ይሻገር የሚለው ነበር። እሷ ካልነካሁ አላስተምርም አለች። መምህሩ ቫይረሱ ጨርቅ ላይ ከሦስት ቀን በላይ እንደማይቆይ አንድ ቦታ አንብበዋል። ስለዚህ ሁሉም ሥራውን ስም በተጻፈበት ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጎ የልብስ ማስጫችን ገመድ ላይ ይሰቅላል፤ ሦስት ቀን ፀሐይ ይመታዋል፤ ከዚያ ሚስቴ ትዳስሰዋለች። የጥበቃው ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ለይቶ ማቆያ የገባ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንድ እጅጌና ሁለት አንገት ብቻ ነው፣ ሁሉም በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛሉ አልኩት።

ይህ ለአንድ ወር ያህል ሠራ። ከዚያ በሽታው ባሰና የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ መጥተው ቆጠሩን፤ ከነገ ጀምሮ በግቢም ቢሆን ማንም እንዳይሰበሰብ አሉ። ሚስቴ መከራከር ስትጀምር እኔ የጠመኔውን ክብ በጫማዬ አጠፋሁ። እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።

በሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃችን ነገሩን ስትሰማ በስልክ በምስል ታስተምር አለች። ስልኩን ገዝታ ላከች፣ አከፋፈቱንም ለእኔ ሁለት ቀን ሙሉ አስረዳችኝ። እኔም በስልሳ አምስት ዓመቴ የካሜራ ባለሙያ ሆንኩ። የመጥረጊያ እንጨት በሁለት ወንበሮች መካከል አጋደምኩ፣ ስልኩን በሹራብ ክር አሠርኩ፣ የሚስቴን እጆች ከላይ ወደ ታች እንዲያሳይ አደረግኩ። ክሩ ሲላላ በእጄ እደግፈዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ካስተማረች በኋላ የሒሳብ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ጋሼ ሾፌር፣ አውራ ጣትዎን በደንብ አይተነዋል፤ ጤነኛ ነው። አሁን የመምህርትን እጅ ብናይ» አሉ። ስድስት ሰው ከአክብሮት የተነሳ ግማሽ ሰዓት ጣቴን ሲያይ ቆይቷል።

ለማንኛውም ለመድነው። የተያዘው ሥራ ግራጫ ሹራብ ነበር፤ እሷ ትሠራለች፣ እነሱ እያዩ በየቤታቸው ይሠራሉ። አካሉ አለቀ፣ የቀኙ እጅጌ አለቀ። በየትምህርቱ መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ሥራውን ወደ ስልኩ ከፍ አድርጎ ያሳያታል። ጉዱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ምራትየዋ አንገቱ ወደ አንድ ጎን የዞረ ነገር አሳየች። ሚስቴ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ አየችና «በጣም ጥሩ ነው» አለች። አማትየዋ አሳዩ፤ «ቆንጆ ነው፣ ይቀጥሉ» አለቻቸው። የመምህሩን «የሚያኮራ ነው» አለችው።

እኔ ደስ አለኝ። እርጅና አለሳለሳት ብዬ ነበር። በሳምንቱ አማትየዋ በድብቅ ደወሉልኝ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አሉ። «መምህርት ታመዋል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ናት። ምነው?»

«አሥራ አንድ ዓመት ስማር አንድ ቀን አመስግነውኝ አያውቁም። አሁን ሦስት ጊዜ አመሰገኑኝ። ይሄ የደህና ሰው ነገር አይደለም።»

ሳቅኩባቸው። አራት ዓይናው፣ ሳቅኩባቸው።

በዚያው ሰሞን ልጃችን ምስሉን አይታ ከኋላ ያለው የክር መደርደሪያ ዝብርቅርቅ ያለ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግራጫው ከቢጫ፣ ቡኒው ከውሃ ሰማያዊ አጠገብ ተሰግስጎ፣ ወግ አልነበረውም። እኔ ደግሞ ሙያዬን ወድጄዋለሁ። ሚስቴ ስትታጠብ ጠብቄ ሃያ ሦስቱንም ጥቅል ክር አውርጄ፣ ደማቁን መሃል፣ ደብዛዛውን ዳርና መስኮቱ ጋ አድርጌ እንደገና ደረደርኩት። ወንበሮቹንም ለብርሃን ብዬ ትንሽ ፈቀቅ አደረግኳቸው። ሚስቴ ወጥታ ስትመጣ ቅልጥሟን ወንበር መታት፤ በወንበሩ ሳይሆን በእኔ ላይ ጮኸች። መደርደሪያውን ግን ምንም አላለችም። የሰው ልፋት አይታያትም ብዬ ሆድ ባሰኝ።

ማክሰኞ ዕለት የግራውን እጅጌ ጀመረች፤ በቀይ ክር። ግራጫ ሹራብ፣ የግራ እጅጌው ደማቅ ቀይ። ከስልኩ በላይ ሆኜ አየሁት። ፋሽን ይሆናል አልኩ፤ ስለ ፋሽን ምን አውቃለሁ። ማታ ላይ ምራትየዋ በስልክ መልእክት ላከች፤ የግራው እጅጌ በቀይ ነው ወይ ብላ። መልእክቶቹን ለሚስቴ የማነብላት እኔ ነኝ። መነጽሬን አጣሁት እያለች «አንብብልኝ» ስለምትለኝ ሥራው የእኔ ሆኖ ቀርቷል። ይህኛው ግን የማይረባ ጥያቄ መስሎ ስለታየኝ አላነበብኩላትም። በራሴ ሥልጣን «መምህርት ያደረጉትን አድርጉ» ብዬ ለሁሉም መለስኩ።

ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ስድስት ሰዎች ስድስት ሹራብ ለብሰው ስልኩ ላይ ተደረደሩ። ስድስቱም ግራጫ፣ ስድስቱም የግራ እጅጌያቸው ቀይ። የእግር ኳስ ቡድን ነው የሚመስሉት፤ አንድ እጁ ብቻ ለሌላ ቡድን የፈረመ። ሚስቴ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ ሁሉም ድንቅ ነው አለች። ያን ጊዜ የሒሳብ መምህሩ እጃቸውን አወጡ። ሥራውን በጣም እንደወደዱት፣ ነገር ግን ምክንያቱን ሳይረዱ ማለፍ እንደማይሆንላቸው ተናገሩ።

«የግራው እጅጌ ለምን ቀይ ሆነ?» አሉ።

የሚስቴ እጆች ቀጥ አሉ። ጣቶቿ ጭኗ ላይ ያለውን ሹራብ ፈልገው፣ እጅጌውን አገኙና ይዘው ቀሩ። ፊቷን አየሁት። ስልኩ የሚያሳየው እጆቿን ብቻ ስለሆነ ከእኔ በቀር ያየው የለም። ብዙ ጊዜ መንገድ ስቶ የተሳፈረ ሰው በመስታወቴ ውስጥ አይቻለሁ፤ አውቶቡሱ በማያውቀው በኩል ሲታጠፍ ፊቱ እንዲህ ይሆናል። ከዚያ እንደ ምንም ብላ ለውጥ ጥሩ ነው አለች። እኔ ባትሪ አልቋል ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

«ቀይ ነው?» አለችኝ።

«ደማቅ ቀይ።»

«ግራጫው የት ሄደ?»

«መስኮቱ ጋ አደረግኩት። ቀዩ መሃል ቢሆን ለምስሉ ያምራል ብዬ...»

«ከግራ ሦስተኛው ግራጫ ነበር» አለች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ከግራ ሦስተኛው ግራጫ ነው።»

 ከዚያ ሦስቱ ዓመት በአንድ ጊዜ መጣብኝ። የሚጠፋው መነጽር። ወንበር በተነካ ቁጥር የሚነሳው ጠብ። ገበያ ስንሄድ ክንዴን መያዟ፤ ያንን እኔ ፍቅር በእርጅና ተመለሰ ብዬ ለጓደኞቼ አውርቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ዓይኗ ላይ የምታደርገው ጠብታ፤ ለአቧራ ነው ብላኝ ነበር። ከኋላዬ የተቀመጠ ስልሳ ሰው እቆጣጠር የነበርኩ ሰው አጠገቤ የምትተኛ ሴት ዓይኗ ሲጨልምባት አላየሁም። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለውም።

ልጃችንን ልትጠይቅ በሄደች ጊዜ፣ ለእሷም ሳትነግር ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ጠብታው እንደሚያቆይላት ነግረዋታል። የቀራት ደግሞ ጥላና ጭጋግ ነው። ስልኩ ላይ የሚያሳዩዋት ሁሉ ለእሷ አንድ ብርሃን ያለው ጭጋግ ነው። ያላየችውን ፍቱ ማለት ነውር ስለሆነባት ሁሉንም ታመሰግናለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ስትነዳ የኖርክ ሰው ነህ» አለች። «ብነግርህ እኔንም መንዳት ትጀምራለህ።»

እውነቷን ነዋ። ያን ከሰዓት በኋላ መደርደሪያው ፊት ቆሜ እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ሃያ ሦስቱንም ጥቅል በቃሏ እየነገረችኝ ወደ ቦታቸው መለስኩ። አንዱንም አልሳተችም። እኔ ሁለቴ ተሳሳትኩ፣ ሁለቴም አወቀችብኝ፤ ጥቅሉ መደርደሪያው ላይ ሲያርፍ በሚያሰማው ድምፅ ነው አለችኝ። ስንጨርስ ማክሰኞ ዕለት ተማሪዎቹን እንደምታሰናብት ነገረችኝ። ማየት የማትችል አስተማሪ ማን ይፈልጋል አለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ስለ ካልሲዬም ምንም አልተናገረችም፤ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ማክሰኞ ስልኩን ወደ ፊቷ እንዳዞረው አዘዘችኝ። ተማሪዎቿ በሁለት ወር ውስጥ ፊቷን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ሳታለሳልስ ነገረቻቸው። ዓይኗ ከደከመ ሦስት ዓመት እንደሆነ፣ ግቢ ውስጥም ቤት ውስጥም የምታየው በጣቷ እንደነበር፣ ቀዩ እጅጌ ስህተት እንደሆነ፣ ካሁን በኋላ ማስተማር እንደማትችል።  የአንዱ ቤት የግድግዳ ሰዓት ሲመታ ይሰማል።

መጀመሪያ የተናገሩት አማትየዋ ናቸው።

«ታዲያ ያ ሁሉ ምስጋና ውሸት ነበር?»

«ውሸት ነበር» አለች ሚስቴ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ተመስገን» አሉ አማትየዋ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «እኔ እኮ ሊሞቱ ነው ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ሳልተኛ ቀረሁ።»

ምራትየዋ ከሌላው ክፍል ሆና በሳቅ ፈነዳች። አማትየዋም ዞር ብለው ወደ ግድግዳው እያዩ መሳቅ ጀመሩ። ሚስቴም ሳቀች፤ ዓይኗን በሹራቡ ቀይ እጅጌ እየጠረገች። መሳቋን ሳይ እኔ ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ የሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሾፌር ተነሳብኝ። ስልኩን አዞርኩና እዚህ ክፍል ውስጥ የሚያስተምረው ዓይን ሆኖ አያውቅም አልኩ። ጣት ነው። ጣቷ ደግሞ አልታመመም። እናንተ መምጣት ካልቻላችሁ ሥራችሁ ይመጣል። ዘወትር ረቡዕ ጠዋት መኪናዬን አስነስቼ በየደጃችሁ አልፋለሁ፤ በር ላይ በከረጢት ሰቅላችሁ ትጠብቁኛላችሁ፣ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ይቆያል፣ ቅዳሜ ፍርዱን በስልክ ትሰማላችሁ። ሚስቴ ያለ ፈቃዴ መንዳት ጀመርክ አለችኝ። ሥራውን ነው እንጂ አንቺን አይደለም አልኳት። እንዲያ ከሆነ ቀዩን እጅጌ ሁሉም ፈትቶ በግራጫ ይሥራው ብላ አዘዘች። የሒሳብ መምህሩ በአክብሮት እምቢ አሉ። ሹራቡን ለብሰው ዳቦ ለመግዛት ሲወጡ ሁለት ሰው ከየት እንደገዙት ጠይቋቸዋል። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ተማሪ አልፈታም ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ሚስቴም ተወችላቸው።

እንዲህ ሆኖ ወደ መስመሬ ተመለስኩ። አምስት ማቆሚያ፣ ስድስት ከረጢት። ጭምብሌን አድርጌ በየደጁ ጥሩንባ አሰማለሁ፤ አማትየዋ በአንድ መስኮት፣ ምራትየዋ በሌላው ይወጣሉ። በሁለተኛው ረቡዕ ሁለቱም በአንድ መስኮት ብቅ አሉ። በመስታወቴ ነው ያየሁት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሚስቴ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከረጢቱን ከገመዱ ላይ አውርጄ ስሙን አነብላታለሁ፣ እሷ ትዳስሳለች፣ እኔ ስልኩን እይዛለሁ። አሁን ዓይኗን አትጨፍንም፤ ማንን ለማታለል። የአማትየዋን ሥራ በጣቶቿ መካከል አሳለፈችው፣ ዘጠኝ መስመር ሄደችና ቆመች።

«እዚህ ላይ ሁለት ቀለበት አንድ ላይ ሠርተዋል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው። ይፍቱት።»

በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «እፈታዋለሁ» አሉ አማትየዋ። «በደስታ።»

ስድስቱም አለቁ፤ አምስቱ ይፈታሉ፣ አንዱን ምንም ሳትል መለሰችው። የምራትየዋን ነው። ስልኩን ዘጋሁ። በእጄ ሰባተኛ ከረጢት ነበር፤ ስም ያልተጻፈበት። አቀበልኳት።

አራት ጣት የማትሞላ ቁራጭ ነበረች። ሁለት ወር ከስልኩ በላይ ቆሜ የሚስቴን እጅ ሳይ ከርሜ የለ፤ ጓሮ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ተደብቄ፣ መርፌው በእነዚህ ድንጋይ ጣቶቼ ውስጥ እየተንሸራተተ፣ ሰባት ቀን የፈጀብኝ ነው። ጣቷ የመጀመሪያውን መስመር እንደነካ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰና እንደገና ጀመረ። ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት።

«ስም የለውም?» አለች።

«ወድቆ ይሆናል።»

«ይሄ ሰው ክሩን አንቆ ነው የያዘው። መርፌውን መሪ አድርጎታል።» አንገቷን ወደ እኔ መለሰች። «ሁለተኛው መስመር ላይ ስህተት አለ። ሦስተኛው ላይም። አራተኛው መስመር መስመር አይደለም። ፍታው።»

ልወስድ እጄን ዘረጋሁ። አልለቀቀችውም።

«ነገ» አለች። «ነገ ትፈታዋለህ። ዛሬ እኔ ጋ ይደር።» ቁራጯን ጭኗ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ሸፈነቻት። «ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ግራጫ» አልኳት። «ከግራ ሦስተኛው።»